ከርቀት ወደ ሰርቨሩ ስለ መግባትና ስለ መውጣት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ከቤታችሁ ሆናችሁ በማኅበሩ ሰርቨር ላይ ሒሳብ ስትሠሩ፣ ሲጨርሱ መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ ዘግቶ መሄድ እንዲቀር በአክብሮት እንጠይቃለን። በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ (ከርቀት ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት በሚያስችለው ፕሮግራም) መስኮቱን መዝጋት ግንኙነቱን ያቋርጣል እንጂ ከአካውንታችሁ አያስወጣችሁም፤ የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች ሰርቨሩ ላይ መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉና ሚሞሪውን ስለሚይዙ፣ ከእናንተ በኋላ የሚገባው አባል ሥራው ይንቀራፈፍበታል። በቤታችሁ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይኸው ባሕርይ ይጠቅማል፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ ሥራችሁን ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። በሌላው ጊዜ ሁሉ ከስታርት ሜኑ «ሳይን አውት» የሚለውን ተጠቀሙ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበን ደኅንነቱ ነው። ቪፒኤኑ፣ ማለትም ከማኅበሩ ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኛችሁ፣ ስለሚያዘገይ የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ በር የሆነው ፖርት 3389 በቀጥታ ለኢንተርኔት እንዲከፈት የጠየቃችሁ አላችሁ፤ ችግራችሁን ብንረዳም ይህን አናደርግም። በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው የደኅንነት ክፍተት ይፋ ሲሆን፣ አጥቂው ያለ ይለፍ ቃል በዚሁ በሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት በኩል የቆዩ ዊንዶውሶችን እንዲቆጣጠር የሚያስችል በመሆኑ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማስተካከያ አውጥቷል። ስለዚህ አስቀድሞ ቪፒኤን፣ ቀጥሎ ሪሞት ዴስክቶፕ።

የይለፍ ቃላችሁንም ለማንም አትስጡ፤ የሚተካችሁ ሰው ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን፣ የራሱን አካውንት እንከፍትለታለን።