ላክስተንን ረሳችኋት

ይድረስ ለአዘጋጆቹ፣

የእንግሊዝ ገጠር ሲነሳ ሁሌ የምትጽፉት ስለ ሣር ክዳን ቤትና ስለ አበባ ነው። ደስ ይላል፣ አልካድኩም። ግን ኖቲንግሃምሻየር አውራጃ ውስጥ ያለችው የላክስተን መንደር እንዴት ትረሳለች?

መንደሯ ለዓይን ብዙም አታስደንቅም። የቀይ ጡብ ቤቶች አሏት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ መጠጥ ቤት አላት፣ በቃ። ጉዱ ያለው ማሳው ላይ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርላማው ሕግ እያወጣ የአገሩ የጋራ ማሳ በየባለርስቱ ሲታጠር፣ እሷ ከመካከለኛው ዘመን የወረሰችውን አስተራረስ ይዛ ቀረች፤ ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሏት፣ ገበሬዎቹም በየማሳው ቁራጭ ቁራጭ መሬት ያርሳሉ፣ በመካከል አጥር የሚባል ነገር የለም። አንዱ ማሳ ስንዴ ሲዘራበት ሌላው በጸደይ የሚዘራ ሰብል ይይዛል፣ ሦስተኛው ጦም ያድራል። እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራው ካርታዋ ዛሬም አለ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ችሎቷ ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከመንደሩ የተመረጡ ዳኞች ማሳ ወርደው ማን ድንበር እንደገፋ ያያሉ፣ ችካል ይመታሉ፣ ከሳምንት በኋላ እዚያችው መጠጥ ቤት ተሰይመው ጥፋተኛውን ይቀጣሉ። (መጠጥ ቤት ውስጥ ችሎት! እኛ ብንሆን ክርክሩ ያልቅ ነበር?) ቅጣቱ ገንዘብ ነው፤ እንደኔ ግን ጎረቤት ፊት ስም መጠራቱ ይብሳል።

መንግሥት መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1952 የገዛው ይሄ አሠራር እንዳይጠፋ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ወደ ግል ርስት ተመልሷል። እስቲ እሱን ጻፉልን።

አንባቢያችሁ