«ማን ልበል?»

የኔ ሆድ፣

አክስትሽ ማታ ደውላ ነገረችኝ። አንድ ሰው «ወንድምሽ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ ነው» ብሎሽ ብር ላክሽለት አሉ። ብሩ ይቅር፤ አንቺ ደህና ሁኚ። ግን ድምፅ ብቻ ሰምተሽ ገንዘብ አትላኪ።

ያን ፋሲካ አልረሳሁትም። እማማ ከወልዲያ ደውላ «እስቲ ማን ነኝ?» አለችሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ «ማን ልበል?» አልሻት። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እሷ አለቀሰች። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት «አንቺ ልበ ደንዳና!» ብዬ ጮህኩብሽ። ምሳ ሳትበዪ ተኛሽ። እማማ ነፍሷን ይማረውና የልጅ ልጄ ረሳችኝ እንዳለች ሞተች። እኔም ያን ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። አሁን ይቅር በዪኝ።

ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ፣ የለንደን ተመራማሪዎች ስለ አንዲት የ60 ዓመት ሴት ጻፉ። ጆሮዋ ደህና ነው። የሚነገራትን ትረዳለች፤ ሰው መናደዱን ከድምፁ ታውቃለች። ድምፁ የማን እንደሆነ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መለየት አትችልም። አንጎሏ በኤምአርአይ ቢታይ ምንም ጉዳት አልተገኘበትም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንቺን መሰለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አነባለሁ። ከጆሯችን ከፍ ብሎ፣ በአንጎላችን ጎንና ጎን ረጅም ስንጥቅ አለ። እንደ ፈረንጆቹ በ2000፣ ተመራማሪው ፓስካል ቤሊንና ባልደረቦቹ እዚያ አካባቢ ከሌላው ድምፅ ሁሉ ይልቅ ለሰው ድምፅ የሚነቃ ቦታ አገኙ። የስንጥቁ ጥልቀትና እጥፋት እንደየሰዉ ይለያያል። በጣም የሚነቃውም ነጥብ የሁሉም ሰው አንድ ቦታ ላይ አይደለም። የእግዜር ሥራ ነው። እኔ ግን ፍቅር ከድምፅ ይታወቃል ብዬ ልጄን አሳቀቅኩ።

ያንቺም ይኸው ነው ብዬ አልፈርድም። የነርቭ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ይሉኝታ ግን ይብቃሽ! «ማን ልበል?» ማለት ነውር አይደለም። «ገምቺ» የሚልሽን ዝጊበት። ወንድምሽ ነኝ ካለ፣ ልጅ ሆኖ ምን ብለን እንደምንጠራው ጠይቂው። ድምፅ ብቻ ሰምተሽ ገንዘብ አትላኪ ብያለሁ።

ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። ከመናኸሪያ ቶሎ ውሰጂው፣ ዝናብ እንዳያገኘው። ረዳቱ ሲደውልልሽ መጀመሪያ ስሙን ይነግርሻል፤ አደራ ብዬዋለሁ።

እናትሽ