ጉዳዩ፦ እህቴን ጸበልና ሕክምና አስመርጣችሁ ስለመለሳችኋት

ለአእምሮ ጤና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አራት ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። ታሪኳ ፋይሉ ላይ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ስለ ማክሰኞው ነው።

ስንመዘገብ በስልክ ምን አላችሁን? "ከዓረብ አገር የተመለሱትን የምታይ ሴት ባለሙያ አለችን፣ ጸበል መጠመቋም ችግር የለውም።" እህቴ ከቤይሩት ከመጣች ወዲህ ሰው ፊት መቀመጥ ይከብዳታል፤ በስንት ልመና እሺ ያለችው በዚህ ቃላችሁ ነው።

ማክሰኞ ስንመጣ የጠበቀን ወጣት ወንድ ነው። ሴቷስ ስለው "ዛሬ የለችም" አለ፣ በቃ። ከዚያ ባለ 9 ጥያቄውን የድብርት መጠይቅ በእንግሊዝኛ አቀበላት። በአማርኛ ተዘጋጅቶ እዚሁ አገር ውስጥ የተፈተሸ መጠይቅ እያለ! እህቴ ወረቀቱን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ "ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሌሊት ማዳም የምትጠራኝ ይመስለኛል" አለችው። ለእኔ እንኳ ነግራኝ አታውቅም። እሱ ግን ከቦርሳዋ ብቅ ያለውን የጸበል ሃይላንድ አይቶ "ይሄን ካልተውሽ እኔ ጋ አትምጪ፣ አንዱን ምረጪ" አላት። በሩ ክፍት ነበር፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተነሣች። እቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ማን ነው አስመርጡ ያላችሁ? አቡነ ጳውሎስ እኮ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። እንጦጦ ማርያም ጸበል ቦታም የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂ አባቶች ጋር አብረው ሠርተዋል። ሰው አገር ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ በር ተቆልፎባት የኖረች ልጅ ያቆማት ጸሎቷ ነው። እሱን ጣይ ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ደረሰኙንም "ነገ ውሰዱ" እንዳላችሁ ቀረ። ስሟን ኮሪደር ላይ ጮክ ብላችሁ መጥራታችሁንም በትሕትና ተናግሬ ነበር፣ የሰማኝ የለም። እርስዎን በስልክ ስፈልግ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት።

አሁን የምፈልገው ቃል የተገባላት ሴት ባለሙያ በር ዘግታ እንድታያት ነው። የማክሰኞው ክፍያ ይመለስ። ባለሙያው እህቴን ራሱ ይቅርታ ይጠይቃት፣ እናንተም በጽሑፍ። ሌላ ከዓረብ አገር የመጣች ልጅ ወደ እሱ ከመላካችሁ በፊትም ሥልጠና ይውሰድ። በዚህ ሳምንት መልስ ካላገኘሁ ደብዳቤውን ለከተማው ጤና ቢሮ አስገባለሁ።

ስልኬ ፋይሉ ላይ አለ።

ታላቅ እህቷ