ስለ ቀዩ ቁጥቋጦሽ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በሚኒሶታ ከቤትሽ ደጃፍ ያለውን፣ እናንተ ዘንድ ዶግውድ የሚሉትን ቁጥቋጦ ፎቶግራፍ አጉልቼ ተመለከትሁት። ወፋፍራሞቹ ግንዶች ቅርፊታቸው ግራጫ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ደማቅ ቀይ የቀረው ጫፍ ላይ ባሉት ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ ነው። ይህ እርጅና እንጂ በሽታ አይደለምና ነቅለሽ ልትጥይው ያሰብሽውን እባክሽ ተዪው።

ቀዩ ቀለም የሚደምቀው በለጋው ዘንግ ላይ፣ ቅጠሉ ረግፎ ፀሐይ በቀጥታ ሲያገኘውና ብርዱ ሲበረታ ነው፤ ግንዱ ዕድሜ ሲጠግብ ግን ቅርፊቱ ይወፍርና ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ በመጋቢት፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣ ካረጁት ግንዶች መርጠሽ የቁጥቋጦውን አንድ ሦስተኛ ያህል ከመሬት ጥቂት ጣት ከፍ አድርገሽ ቁረጪ። በየዓመቱ እንዲህ ብታደርጊ በ3 ዓመት ውስጥ ሁሉም ይታደሳል። እኛ ባሕር ዛፍን እንደምናደርገው ሙሉ በሙሉ ብትቆርጪውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን አበባው ባለፈው ዓመት በበቀለው ዘንግ ላይ ስለሚወጣ፣ የዘንድሮውን ነጭ አበባና ወፎች የሚለቅሙትን ነጭ ፍሬ ታጪዋለሽ፤ እኔ አልመክርሽም። መሬት የነካ ቅርንጫፍ ሥር ስለሚያወጣም እንዲስፋፋ ካልፈለግሽ ቶሎ አንሺው።

ለእርሻችን ቦረቦር ቁራጭ ልላክ ወይ ላልሽው ግን፣ አሳቢነትሽን እያመሰገንሁ፣ አትላኪ እልሻለሁ። ተክል ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር አይሻገርም፤ ተባይና በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላልና። በእርግጥ እዚያ በወንዝ ዳርና በረግረግ እየበቀለ አፈር የሚይዝ ጠቃሚ ቁጥቋጦ ነው፤ ይሁን እንጂ የለመደው ረጅሙንና ከባዱን የሰሜን አሜሪካን ክረምት ነው፤ የእኛ ደጋ ሌሊቱ ቢበርድም ያን አይሰጠውም። ለቦረቦሩ ቁራጩ በቀላሉ ሥር የሚይዘው የእኛው አሃያ አለልን፤ የእኛው ክረምት ዝናቡን ይዞ ሲገባ እተክለዋለሁ።

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በዶግውዱ ዘንግ ቅርጫት እንደሚሠሩ ለእናትሽ ብነግራት፣ አክርማዋን አስቀምጣ ስለ አሠራሩ ብዙ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ስትገርዢ ከቀጫጭኖቹና ከቀጥተኞቹ ጥቂት አስቀሪና፣ በእጅሽ ጠምዝዘሽ ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ በቪዲዮ አሳያት።

አባትሽ