ለደንበኞቻችን፦ በጠርሙስ ስለሚታሸግ ስልስ፣ ቁሌትና ወጥ የቀረበ እርማትና ማብራሪያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ባዶ ጠርሙሶቻችንን በምንሸጥበት ካርቶን ውስጥ ስናስገባው በቆየነው ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ላይ ሁለት ስህተቶች በመገኘታቸው ነው። አንደኛው፣ የቲማቲም ስልስ በጠርሙስ ከተሞላ በኋላ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ 35 ደቂቃ ብለን መጻፋችን ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ከገጹ ግርጌ «ቁሌትና ወጥም በዚሁ መንገድ ማሸግ ይቻላል» ብለን መጨመራችን ነው። አይቻልም። በዚህ መንገድ አሽጋችሁ ከፍሪጅ ውጭ ያስቀመጣችሁት ቁሌት ወይም ወጥ ቤታችሁ ካለ፣ ቀሪውን ከማንበባችሁ በፊት ጠርሙሱን ሳትከፍቱና ሳትቀምሱ ከሌላው ምግብ ለይታችሁ፣ የልጆች እጅ ከማይደርስበት ቦታ እንድታስቀምጡት እንለምናችኋለን።

ስህተቱን ያገኘነው እኛ አይደለንም። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንዲት ደንበኛችን ስልስ ሊያሽጉ ድስቱን ጥደው፣ ለጥንቃቄ ሲሉ የምግብ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ይከታሉ። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ ከ91 ዲግሪ አላልፍ አላቸው። «ዕቃዬ ተበላሽቶ ነው ወይስ የናንተ ውሃ በሌላ ዲግሪ ነው የሚፈላው?» ብለው ደወሉልን። እኛም በዚያው ቀን አዲስ አበባ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ውሃ አፍልተን ለካን፤ 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ብንጨምርም እንፋሎቱ በዛ እንጂ ቁጥሩ ከዚያ አልተነሣም። የደንበኛችን ቴርሞሜትር ደኅና ነበር፤ የተሳሳተው የኛ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን በላያችን ያለው አየር እየሳሳ፣ የሚጫነውም ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ባቄላና ሽምብራ ቆላ ካለ ዘመድ ቤት ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኛ ግን መመሪያውን ስናዘጋጅ ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የማሸጊያ ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ገልብጠን፣ ከጎኑ የተጻፈውን የከፍታ ልዩነት ሳናይ አለፍን። በዚያው ሠንጠረዥ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ 35 ደቂቃ የሚበቃው የስልስ ጠርሙስ ከ1,829 ሜትር በላይ ሲሆን 50 ደቂቃ ይፈልጋል። ይህም ለአሜሪካኖቹ 473 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። የኛው ግማሽ ሊትር ስለሆነ በጥቂቱ ይበልጣል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ትክክለኛው አሠራር የሚቀጥለውን ትልቅ ጠርሙስ ጊዜ መውሰድ ነው፤ እሱም 55 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በሁሉም ወረቀቶቻችን ላይ የምታገኙት ቁጥር 55 ይሆናል። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ ደንበኞቻችን ይህ ከሚያስፈልገው በጥቂቱ ይረዝማል፤ ቢረዝም ግን ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ለቁሌትና ለወጥ ጊዜውን ወደ 55 ደቂቃ ወይም ወደ ሁለት ሰዓት በማሳደግ ችግሩን መፍታት ለምን እንደማይቻል በሚገባ ማስረዳት ግዴታችን ነው።

በአፈር ውስጥ የሚኖር፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ አለ። ከሽንኩርቱ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከካሮቱ ጋር እየተጣበቀ ወጥ ቤታችን ይገባል። ሁኔታው ሲከፋበት ስፖር ወደተባለ ደረቅና ጠንካራ ዘር ይለወጣል፤ ይህም ዘር በፈላ ውሃ ለሰዓታት ቢቀቀል ላይሞት ይችላል። በየቀኑ እየበላነው የማይጎዳን፣ ለመብቀልና መርዙን ለማምረት ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ስለሚያስፈልጉት ነው፤ አየር የሌለበት ቦታ፣ እርጥበት ያለውና የማይኮመጥጥ ምግብ፣ እንዲሁም የቤት ውስጥ ሙቀት። ቁሌት ሞልተን፣ አፍልተን፣ አሽገን መደርደሪያ ላይ ስናስቀምጥ ሦስቱንም በገዛ እጃችን እናዘጋጅለታለን። ማፍላቱ ሌሎቹን ተሕዋስያን ገድሎ አየሩን ያስወጣል፤ ዘሩ ግን ብቻውን ይቀራል። የሚያመነጨው መርዝ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ የወጡንም መልክ የግድ አይለውጥም። ስለዚህ «ቢበላሽ ኖሮ ይሸተን ነበር» የሚለው፣ በሌላው ምግብ የሚሠራው የወጥ ቤት ዕውቀታችን እዚህ ላይ አያድነንም።

ከደንበኞቻችን አንዳንዶቹ እናቶቻችን ሥጋን ለወራት ሲያስቀምጡ ኖረው የለም ወይ ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቋንጣ ግን የሚቆየው ውሃው ስለወጣለትና ጨው ስለገባው ነው፤ ተሰቅሎ አየር እያገኘ ይደርቃል። ድርቆሽም፣ በሶም እንዲሁ በድርቀታቸው ይቆያሉ። ጠርሙስ ደግሞ በተቃራኒው እርጥቡን ምግብ ከነእርጥበቱ አየር አሳጥቶ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለቱ የማቆያ መንገዶች ስለማይገናኙ፣ በአንደኛው የተገኘ ልምድ ለሌላኛው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ይህ ባክቴሪያ የማይበቅልበት ድንበር የታወቀ ነው። የምግቡ የኮምጣጣነት መለኪያ፣ ፒኤች የሚባለው፣ 4.6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዘሩ አይነሣም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምግቡ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው ማለት ነው። ቲማቲም በዚህ ድንበር ላይ የተቀመጠ አትክልት ነው፤ አንዳንዱ ከበታቹ፣ አንዳንዱ፣ በተለይም ከልክ በላይ የበሰለው፣ ከበላዩ ይሆናል። ስለዚህ ስልስ አሲድ ተጨምሮበት በፈላ ውሃ ሊታሸግ ይችላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ከድንበሩ በጣም ርቀው የሚገኙ ናቸው፤ ሥጋ፣ ዶሮና እንቁላልም እንዲሁ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልተን፣ በርበሬውን ጨምረን፣ ዘይቱ ከላይ እስኪተኛ ያበሰልነው ቁሌት ቢያቃጥልም አይኮመጥጥም፤ የበርበሬ ማቃጠል ከኮምጣጣነት ጋር ግንኙነት የለውም። በላዩ የተኛው ዘይትም ከአየር ይጋርደዋል እንጂ አይጠብቀውም።

በመሆኑም ስልስ ስታሽጉ በጠርሙሱ ውስጥ ቲማቲም፣ ጨውና አሲድ፣ ካስፈለገም ጥቂት ስኳር ብቻ ይግባ። ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ቲማቲም ሲረክስ በሳጥን የምትገዙ ሁሉ፣ ጠንከር ያለውንና ያልፈረጠውን ምረጡ። ታጥቦና ተቆራርጦ ከተቀቀለ በኋላ በወንፊት ይጠለል፤ ከዚያም ሲሶው ወይም ግማሹ እስኪተን ይንተክተክ። ባዶውና ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በቅድሚያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ የተባለው ኮምጣጣ ዱቄት፣ ሳይላጭ ሞላ ተደርጎ፣ ይጨመር። የሎሚ ጭማቂ ለምን አይሆንም ለምትሉን፣ የሎሚያችን ኮምጣጣነት ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ መጠኑን ማረጋገጥ አንችልም፤ ጥንካሬው በጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ አቼቶም እንደዚሁ ነው። ከኮመጠጣችሁ ጥቂት ስኳር ጨምሩ እንጂ አሲዱን አትቀንሱ። ስልሱ እንደፈላ ይሞላ፤ ከአፉ በታች አንድ ሳንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ባዶ ቦታ ይቅር፤ የጠርሙሱ ጠርዝ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ አዲስ ክዳን ይደረግበት። ክዳኑን የሚይዘውን ቀለበት በጣት ጫፍ እስኪቆም ብቻ አጥብቁት፤ በሙሉ ኃይል ከተጠበቀ አየሩ መውጫ ያጣል። ከድስቱ ሥር ጨርቅ ይነጠፍ፤ ውሃው ከክዳኑ በላይ ቢያንስ ሁለት ጣት ይሙላ። 55 ደቂቃውን መቁጠር የምትጀምሩት ውሃው ሙሉ በሙሉ ከፈላ በኋላ ነው፤ መሃል ላይ መፍላቱን ካቆመ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከወጣ በኋላ ጠርሙሱን ገልብጦ ማቆም በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ትኩሱ ስልስ የክዳኑን ማጣበቂያ ሊያላቅቀው ይችላል። ቀጥ ብሎ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ «ጧ» ብሎ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ ትሰማላችሁ። በማግስቱ መሃሉን በጣት ተጫኑት፤ የሚረግብና የሚመለስ ከሆነ አልታሸገም፤ ያ ጠርሙስ ፍሪጅ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላ። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና በርበሬውን ጠርሙሱን በምትከፍቱበት ቀን ድስቱ ላይ ጨምሩ። ጣዕሙም ያን ጊዜ የተሻለ እንደሚሆን በእርግጠኝነት እንነግራችኋለን።

ወጥን በጠርሙስ ለማሸግ የሚያስፈልገው ከ100 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ፣ ለማሸግ ተብሎ የተሠራ ትልቅ የግፊት ድስት ነው። አዲስ አበባ ላይ 15 ፓውንድ ግፊት የሚይዝ ዕቃ ወደ 117 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት በመረቅ ብቻ የተሞላ ቁርጥራጭ ሥጋ በትንሹ ጠርሙስ 75፣ በትልቁ 90 ደቂቃ ይፈልጋል። ቤታችን ያለው ባቄላ የምንቀቅልበት ፕሬሸር ኩከር ለዚህ አይሆንም፤ ግፊቱም አይታወቅም፣ ፈጥኖ ስለሚሞቅና ስለሚቀዘቅዝ ጊዜውም ይጎድላል። ትክክለኛው ዕቃ ቢገኝ እንኳ ዶሮ ወጥን እንደምንወደው አድርገን፣ ከነቅቤው፣ ከነቁሌቱና ከነእንቁላሉ ለማሸግ ተፈትኖ የተረጋገጠ ጊዜ የለም። ወፍራም ነገር ሙቀትን ወደ መሃሉ የሚያሳልፈው በዝግታ ነውና። ሽሮም በዚሁ ምክንያት አይታሸግም።

ስለዚህ ለቁሌትና ለወጥ የምንመክራችሁ ማቀዝቀዣን ነው። በሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ፈጥኖ ይቀዝቅዝ፤ በፍሪጅ ከሦስት እስከ አራት ቀን፣ በፍሪዘር ደግሞ ለወራት ይቆያል። እንቁላሉን ሳትከቱ አስቀምጡ፤ በፍሪዘር በረዶ ሲሆን ነጩ እንደ ጎማ ይሆናልና በሚበላበት ቀን ተቀቅሎ ይግባ። መብራት ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ፤ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ውጭ አገር ላለ ልጅ ቁሌት በጠርሙስ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ጭንቀታችሁም ይገባናል። በርበሬውንና ቋንጣውን ላኩላቸው፤ ቁሌቱን እዚያው ያቁላሉ።

በድሮው መመሪያ የተሠራ ቁሌት ወይም ወጥ ያላችሁ፣ ጠርሙሱን እንደታሸገ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ጣሉት፤ ለውሻም ለዶሮም አይሰጥ። አፍልተን ብንበላውስ ላላችሁን፣ መርዙ በማፍላት እንደሚፈርስ እውነት ቢሆንም፣ ሲከፈት የሚረጨውና እጅ የሚነካው ጥቂቱ እንኳ አደገኛ ስለሆነ አንመክርም። ሽንኩርትና በርበሬ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ቁሌትም የስንት ሰዓት ድካም እንደሆነ እያወቅን ነው ይህን የምንጠይቃችሁ። በ35 ደቂቃ የታሸገ ስልስም ቢሆን፣ ከታሸገ 24 ሰዓት ካላለፈው ክዳኑ ተቀይሮ እንደገና 55 ደቂቃ ይፍላ፤ ካለፈው ይጣል። ሳይሞት የቀረ ሻጋታ አሲዱን እየበላ ስልሱን ከድንበሩ በላይ ሊያወጣው ይችላልና።

ከእንዲህ ያለ ጠርሙስ የበላ ሰው ካለ፣ የዓይን ብዥታ ወይም አንዱ ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአንደበት መያያዝ ወይም ለመዋጥ መቸገር ከታየበት በፍጥነት ሆስፒታል ይሂድ፤ የበላውንም ለሐኪሙ ይንገር። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ይጀምራል፤ ቀናት ሊቆይም ይችላል።

የተጣለውን ኪሳራ በሙሉ መተካት ባንችልም፣ የድሮውን ወረቀት ይዞ ወደ ገዛበት ሱቅ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የአንድ ካርቶን ጠርሙስ ዋጋ እንመልሳለን፤ ለስልስ ማሸጊያ የሚሆን አዲስ ክዳንም ያለ ክፍያ እንሰጣለን። ወረቀቱ የጠፋባችሁ ብትኖሩ መምጣታችሁ ብቻ ይበቃናል። የድሮው መመሪያ ነጭ ነው፤ አዲሱ በቢጫ ወረቀት የታተመ ሲሆን፣ «55 ደቂቃ» የሚለው ከላይ በትልቁ ተጽፎበታል። ሱቅ ውስጥ ነጩ ወረቀት ያለበት ካርቶን ካያችሁ ለሻጩ አሳዩልን።

ስላደረስንባችሁ ስጋትና ኪሳራ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ደብረ ብርሃን ያሉትን ደንበኛችንንም እጅግ እናመሰግናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች
አዲስ አበባ