ግልጽ ደብዳቤ፦ ጉቶው ላይ ያለው ቀዳዳ የሰው መቆሚያ ነበር

ይድረስ በዋሽንግተን ስቴት ፓርኮቻችንን ለሚያስተዳድሩ ክቡር ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ስራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፣ ግን ይቺን ደብዳቤ እስከመጨረሻው ያንብቡልኝ። የምጠይቀው ነገር ብዙ ገንዘብ ሚፈልግ አይደለም፣ ቶሎ መደረግ ግን አለበት፣ ምክንያቱም ማወራልዎት ነገር በየክረምቱ ዝናብ እየተሸረፈ ነው ያለው።

ስለ ጉቶ ነው ምፅፍልዎት። በየትሬሉ (በየጫካው የእግር መንገድ) ዳር ያሉት እነዛ ግዙፍ የሬድ ሲዳር ዛፍ ጉቶዎች፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በላይ የሆነው፣ አናቱ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሎበት ስሩን በጎኑ ያወረደበት፣ ወገቡ አካባቢ ደግሞ እንደ አይን ሁለት ቀዳዳ ያለው። ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆች "ፊት አለው!" ይላሉ፣ ያልፋሉ። እኔም እዚህ ሀገር ከመጣሁ ጀምሮ ስንቴ እንዳለፍኩት አላውቅም። ቀዳዳው ምን እንደሆነ የገባኝ ከወደቅኩ በኋላ ነው።

የቤት ቀለምና ሳይዲንግ (የቤት የውጭ ግድግዳ ልባስ) ስራ ላይ ነበርኩ። ቀጣሪዬ ማን እንደነበር እዚህ አልፅፍም፣ ጉዳዬ እሱ አይደለም። ሁለት መሰላል መሃል በተጋደመ አንድ ጣውላ ላይ ቆሜ ስሰራ ጣውላው ሸርተት አለና እኔም አብሬው ወረድኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ወራት ፈጀ ለመዳን። ሐኪሟ ቀስ እያልክ ተራመድ ስትለኝ ቤቴ አጠገብ ባለ ትሬል ላይ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሄድ ጀመርኩ፣ አንድ ቀን እግሬን ላሳርፍ አንዱ ጉቶ ጋ ቆሜ ሳላስበው እጄን ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩት። የበሰበሰ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ግን ታችኛው ወለሉ ልክ እንደ መደርደሪያ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎን ጎኑ ላይ የመጥረቢያ ምት አሁንም በጣት ይዳሰሳል። አንድ ጣውላ ልክክ ብሎ ይገባበታል። ጣውላ ላይ ሲቆም የኖረ ሰው ይሄን ለማወቅ ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም፣ እዚህ ጋ ሰው ቆሞ ነበር አልኩ ለራሴ።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዛም አላቆምኩም።

ስፕሪንግቦርድ ይባላል። ለልጆቼ ሳስረዳ መቆሚያ ሳንቃ እላቸዋለሁ። ርዝመቱ 4 ወይ 5 ጫማ ቢሆን ነው (ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50)፣ ወርዱ 8 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 20 ሳንቲሜትር፣ በቃ ሁለት እግር ጎን ለጎን ሚያስቀምጥ ያህል። አንደኛው ጫፉ ላይ ብረት ተገጥሞለታል፣ ብረቱም ወደላይ ብቅ ያለ ስለታም ጠርዝ አለው። ቆራጩ ግንዱን በመጥረቢያ ይፈለፍልና ብረት ያለውን ጫፍ ይሰካበታል፣ ከዛ ውጭ በቀረው ጫፍ ላይ ሲቆምበት ክብደቱ ያንን ጫፍ ወደታች ሲጫነው ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ወደላይ ተነስቶ የቀዳዳውን ጣሪያ ይነክሳል። ሚስማር የለም፣ ገመድ የለም። ሳንቃውን ሚይዘው የሰውየው የራሱ ክብደት ነው። ዛሬ የፌደራሉ የስራ ደህንነት ህግ የኮንስትራክሽን መቆሚያ በአብዛኛው ቢያንስ 18 ኢንች ወርድ ይኑረው ይላል፣ እነሱ ከግማሽ በታች በሆነ ነገር ላይ ነው የኖሩት።

ታዲያ ለምን መሬት ቆመው አይቆርጡም ነበር? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። የነዚህ ዛፎች ግርጌ እንደ ቀሚስ የተዘረጋ ነው፣ ስሩ ጋ ያለው ውፍረት ትንሽ ከፍ ሲሉ ከሚያገኙት በጣም ይበልጣል። እንጨቱም እዛ ጋ ጅማቱ የተጠማዘዘ ነው፣ ሙጫውም ወደታች ይበዛል፣ በተለይ ዳግላስ ፈር ሚባለው ዛፍ ላይ፣ ሙጫ ደግሞ መጋዝን ቀርቅሮ ይይዛል። በዛ ላይ መሬቱ ዳገት ነው፣ ቁጥቋጦው አያስቆምም። እና በእጅ ለሚቆርጥ ሰው 6 ወይ 8 ጫማ ወደላይ መውጣት የብዙ ሰዓት ጉልበት ያድናል። ዛፉ ሲበዛበት አንዱ ሳንቃ ላይ ቆሞ ከፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይፈለፍላል፣ ሁለተኛ ሳንቃ ይሰካል፣ እንደ ደረጃ እያረገ ይወጣል። አንድ ጉቶ ላይ ከታች አንድ ከላይ አንድ ቀዳዳ ካዩ ታሪኩ እሱ ነው።

ሁለት ሆነው ነው ሚሰሩት፣ አንዱ በዚህ ጎን አንዱ በዛ ጎን። መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል በመጥረቢያ አፍ ይከፍቱለታል፣ ከዛ ዞረው ከጀርባው በረጅሙ የሁለት ሰው መጋዝ ይስባሉ፣ ሙጫው መጋዙን ሲይዘው ከጠርሙስ ኬሮሲን ያፈሱበታል፣ መጋዙ እንዳይነከስ ከኋላው ሽብልቅ ይመታሉ። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን ሳንቃውን ሚያዞሩበት መንገድ ነው። ለመውረድ ጊዜ ስለሌለ ቆራጩ እዛው ላይ እንዳለ ክብደቱን ለቅጽበት አንስቶ ሳንቃውን በእግሩ ወደፈለገበት ጎን ያሽከረክረዋል፣ ከዛ እንደገና ይጫነዋል። ከሰው ቁመት በላይ፣ እርጥብ እንጨት ላይ፣ መጥረቢያ ይዞ። ከዛ ዛፉ መሰንጠቅና መጮህ ሲጀምር ደግሞ ከዛ ከፍታ ዘሎ መሸሽ አለ፣ ከላይ ሚወድቀው ቅርንጫፍ ሳይደርስበት። እነዛን ቅርንጫፎች ባል ገዳይ እንደማለት መበለት አድራጊ ብለው ነበር ሚጠሯቸው።

ይሄን ሁሉ ምፅፈው እርስዎ አያውቁም ብዬ አይደለም። ትሬሉ ላይ ሚሄደው ሰው ስለማያውቅ ነው። ባየኋቸው ብዙ ቦታዎች ሳይኑ (የማስታወቂያ ሰሌዳው) ስለ ዛፉ እድሜ ይናገራል፣ ስለ ወፉ ይናገራል፣ ጥሩ ነው፣ ሳንቃው ላይ ስለቆመው ሰው ግን አንድ መስመር አጣሁ።

ለኔ ደግሞ ይሄ ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም። ስወድቅ ህክምናዬንና የቀረብኝን ደሞዝ የሸፈነልኝ የስቴቱ የሰራተኞች ካሳ ነው። ያ ህግ ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ በፈረንጆቹ 1911 ላይ ደረስኩ፣ ዋሽንግተን የሰራተኞች ካሳ ህግ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ ስቴቶች አንዷ ናት፣ ህጉም በጣም አደገኛ ካላቸው ስራዎች ውስጥ እንጨት ቆረጣና የመሰንጠቂያ ፋብሪካ ዋናዎቹ ነበሩ። የህክምና ወጪ የተጨመረው ቆይቶ 1917 ላይ ነው። በዛው አመት በጋ ላይ የጫካ ሰራተኞቹ ስራ አቁመው የ8 ሰዓት ቀን ጠየቁ፣ ንፁህ መኝታም ጠየቁ፣ እስከዛ ድረስ ብርድልብሳቸውን ተሸክመው ነበር ከካምፕ ካምፕ ሚዞሩት። የ8 ሰዓቱ ቀን በማርች 1918 ተፈቀደ። ብዙዎቹ እንደኔ ከሌላ ሀገር የመጡ ነበሩ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይ። እና እግሬ ሲሰበር ቤት ኪራዬ ያልተቋረጠው እነሱ ከዛ ሳንቃ ላይ ስለወደቁ ነው ብዬ ነው ማምነው። ጉቶው ጋ ስደርስ ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

አንደኛ ነገር ይቆጠሩልን። የትኛው ፓርክ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ጉቶ እንዳለ በካርታ ላይ ይመዝገብ። ሬድ ሲዳር ቶሎ አይበሰብስም፣ ለዛ ነው ከመቶ አመት በላይ ቆሞ የቆየን፣ ግን መጀመሪያ ሚሸረፈው ጠርዙ ነው፣ ቀዳዳውም የጠርዙ አካል ነው። የውጭው ግድግዳ አንዴ ከተደረመሰ የቀረው እንጨት ብቻ ነው፣ ምንም አይናገርም። እዚሁ ስቴት ውስጥ ኤልዋ ወንዝ ላይ የነበረው ግድብ በ2011 እና 2012 ፈርሶ ውሃው ሲሸሽ ከሀይቁ ስር ጉቶዎች ወጡ፣ የስፕሪንግቦርድ ቀዳዳቸው እንዳለ ነበር፣ ወደ 100 አመት ውሃና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ። እኛ ግን በየቀኑ ልጆች እየረገጡ ሲወጡበት እያየን ያለው ጉቶ ያን ያህል አይቆይልንም። ትሬል ሲሰፋ፣ የወደቀ ዛፍ ሲጠረግ፣ ቀዳዳ ያለበት ጉቶ እንዳይነካ ለሰራተኞቹ ግልፅ መመሪያ ይሰጥልን።

ሁለተኛ፣ ሳይን። ረጅም ፅሁፍ አያስፈልገውም፣ ፎቶ ይበቃዋል። ዳርየስ ኪንዚ የሚባለው ፎቶ አንሺ እነዚህን ሰዎች ሳንቃቸው ላይ እንደቆሙ ለአመታት ሲያነሳ ኖሯል፣ ያንን ከባድ ካሜራ ጫካ ለጫካ ተሸክሞ፣ ሚስቱ ታቢታ ደግሞ ቤት ሆና ፎቶዎቹን ታጥብ ነበር። እሱም 1940 ላይ ከጉቶ ላይ ወድቆ ነው ስራውን ያቆመው። ፎቶዎቹ ቤሊንግሃም ባለው ዋትኮም ሙዚየም ውስጥ አሉ፣ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ጉቶው አጠገብ የዛን ዘመን ፎቶ ሲቆም ሰው ቀዳዳውን ያይና ፎቶውን ያይና ወዲያው ይገባዋል።

ሶስተኛውን አጥብቄ ነው ምለምነው። አንድ እውነተኛ ስፕሪንግቦርድ አሰርታችሁ አንድ ወፍራም ግንድ ላይ፣ ከመሬት አንድ ጫማ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ብታቆሙልን፣ ልጆች ይቁሙበት። ሳንቃው ከስር ሲለጠጥና ሲወዛወዝ እግራቸው ይወቀው፣ ከዛ ቀና ብለው ጉቶው ላይ ያለውን ቀዳዳ ይዩ፣ እዛ ላይ ቆሞ መጋዝ መሳብ ምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሙያውም አልጠፋም፣ በእንጨት ቆረጣ ውድድሮች ላይ እስከዛሬ ስፕሪንግቦርድ ሚባል ፉክክር አለ፣ ተወዳዳሪው ሁለት ሳንቃ እየሰካ 9 ጫማ ላይ ወጥቶ ግንድ ይቆርጣል፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ትልቅ ነገር ነው። በአመት አንዴ ሚያሳይ ሰው ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

ሳይኑ ሲፃፍ ደግሞ የዚህ መሬት የቀድሞ ባለቤቶች ይጠየቁ። የሳሊሽ ህዝቦች ከሬድ ሲዳር ላይ ዛፉ በህይወት እንዳለ ቅርፊቱን ይወስዳሉ፣ ሳንቃም ሳይቀር ዛፉን ሳይጥሉት ይሰነጥቁለት ነበር። ያ ጠባሳም በየጫካው አለ። አንድ ሰው የነሱን ጠባሳና የስፕሪንግቦርዱን ቀዳዳ ጎን ለጎን ቢያይ ስለዚህ ጫካ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ሚማረው፣ እና ያንን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ቋንቋውንም አልረሳሁም። ከተማውና ካውንቲው ብዙ ማስታወቂያ በአማርኛ ሲያወጡ እናያለን፣ እናመሰግናለን። ፓርክ ውስጥ ያለ ሳይን ላይ ግን አማርኛ አይቼ አላውቅም። እናቴ ልጆቼን ይዛ ትሬሉ ላይ ትሄዳለች፣ እንግሊዝኛ አታነብም፣ የጠየቋትን መመለስ ትፈልጋለች። ትርጉሙን እኔ በነፃ እሰራለሁ፣ ሌሎች ሚያርሙኝ ሰዎችም አሉ፣ እስካሁን አምስት ሰው አግኝቻለሁ።

አንዳንድ ሰው ይሄን ስነግረው እነሱ እኮ ጫካውን የጨረሱ ናቸው፣ ለምን ይታሰባሉ ይለኛል። ጫካው መጥፋቱ እኔንም ያመኛል፣ የሺህ አመት ዛፍ በአንድ ቀን ሲወድቅ ማሰብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ትርፉን የወሰደውና ሳንቃው ላይ የቆመው አንድ ሰው አልነበሩም። ሁለቱም ሳይኑ ላይ ይፃፉ፣ ስንት ዛፍ እንደጠፋም ይፃፍ፣ ማንበብ የኛ ፋንታ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ቢሮዎ መጥቼ ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ፣ የስራ ሺፍቴን ቀይሬ እመጣለሁ። ከተቻለ ግን እርስዎ ወደ ጉቶው ቢመጡልኝ ነው ምመርጠው። ከፓርኪንጉ አስር ደቂቃ እንኳን አያስኬድም፣ እኔም በዚህ እግሬ እሄደዋለሁ። ሜትር ይዤ እመጣለሁ፣ ባለፈው ስለካው የግራው ቀዳዳ ወርዱ 9 ኢንች ነበር፣ የቀኙን መለካት አልቻልኩም፣ የውጭው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ወድቋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አንድ የስቴቱ ነዋሪና የግንባታ ሰራተኛ