ክኒኑን አትጣይው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

በስልክ «እጢ» ስልሽ ዝም ማለትሽ እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ቋንቋችን ለተፈጥሮውም ለበሽታውም አንድ ቃል ሰጥቶ አስደነገጠሽ። ካንሰር አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው።

ከእንቅርት እጢ ጀርባ ምስር የሚያህሉ አራት እጢዎች አሉን፤ ፓራታይሮይድ ይባላሉ። በ1880 አንድ ስዊድናዊ የሕክምና ተማሪ ስለ እነርሱ ጻፈ። ከእርሱ በፊት ግን አንድ እንግሊዛዊ በለንደን የሞተ አውራሪስ ሲመረምር አይቷቸዋል። (በአውራሪሱ እንደምትስቂ አውቄያለሁ።) ሥራቸው የደምን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ከአንቺ አራት እጢዎች በአንዱ ላይ እብጠት በቅሎበት፣ ደምሽ ጠግቦ ሳለ «ገና ነው» እያለ ካልሲየም ከአጥንትሽ ያወጣል። የደምሽ ካልሲየም ልክ በዴሲሊትር 11.8 ሚሊግራም ነው፤ የጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ10.5 አይበልጥም። ትርፉ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ያ የጎን ውጋት፣ ሌሊት ውሃ ውሃ የሚያሰኝሽ ጥም፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እኔ ደግሞ «አጥንቴን» ባልሽኝ ቁጥር የካልሲየም ክኒን እልክልሽ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አሁን ሐኪሟ እንዳለችሽ አቁሚው። ውሃ ጠጪ፤ ወተትና አይብ ግን ማንም አልከለከለሽም።

የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር አለ። በፋሲካ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ስትነግሪን ተሳሳቅን፤ ከቡናው ተነሥተሽ ስትተኚም «እማዬ ሰነፈች» ያልሁት እኔ ነኝ። ካልሲየም ሲበዛ ጉልበትንም ሐሳብንም እንደሚያደክም አላወቅሁም ነበር። እብጠቱ ከሚወጣበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። በለመደ እጅ ሲሠራ ግን ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ካልሲየሙ ይስተካከልለታል።

ጠበል ልሂድ ብለሻል፤ ሂጂ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ቀጠሮው ግን አይለፍ። ቁስሉ አንገትሽ ላይ ትንሽ ነው፤ ነጠላሽ ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር አደራ። እብጠቱ ከወጣ በኋላ የተራበው አጥንት ካልሲየሙን መልሶ ስለሚስብ ከንፈርና ጣት ሊነዝርሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሟ ካልሲየም ታዝዝልሻለች። ስለዚህ የላክሁልሽን ክኒን እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አታድይው።

ልጅሽ